ከኡርጌ በስተግራ

ዲንቃ የተገደለው በቀን ነው። በነሐሴ ኢሉባቦር ውስጥ ፀሐይ ብርቅ ናትና በጠራራ ፀሐይ ማለት አይመችም እንጂ፣ ከብት ተሰማርቶ፣ ሰው በየጓሮው ሥራውን እየሠራ ሳለ፣ ከቤቱ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በቆሎ ሲፈለፍል ነው አንገቱን በገጀራ የተመታው። ከጎኑ፣ ክንዷን ብትዘረጋ በምትደርስበት ቦታ፣ ሚስቱ ኡርጌ ተቀምጣ ነበር። እሷም ትፈለፍል ነበር።

መቶ አለቃ ወልደ ማርያም ከመቱ በበቅሎ ተነስቶ ሶር ፏፏቴ አጠገብ ካለው ከዚያ ቤት ሲደርስ ሬሳው ጋቢ ለብሶ፣ ሴትዮዋም እዚያው በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች አገኘ። ግራ ክንዷ እስከ ትከሻዋ በደም ርሷል። ስትፈለፍለው የነበረውን የበቆሎ ራስ እስካሁን አልለቀቀችውም።

«ማን ነው የመታው?» አለ መቶ አለቃው።

አስተርጓሚው አቶ አራርሳ ጥያቄውን በኦሮምኛ አደረሰላት። ሴትዮዋ ቀና ሳትል ሁለት ቃል ተናገረች። «ሂን አርጊኔ።»

«አላየሁም ትላለች፣ ጌታዬ።»

መቶ አለቃው ጎንበስ ብሎ ዓይኗን አየ። ጤነኛ ዓይን ነው፤ ብሌኑ ጥርት ያለ፣ ሽፋሽፍቱ እንኳ ያልጎደለ። ኮቴ አልሰማሁም ብትል ይቀበላት ነበር፤ ፏፏቴው ሲያጓራ ሰው የገዛ ድምፁንም አይሰማም። አላየሁም ግን ለሰሚው ግራ ነው።

መቶ አለቃው የቡልጋ ሰው ነው። መቱ ከመጣ ስምንት ወሩ ቢሆንም ኦሮምኛው ከሰላምታና ከዚችው «ሂን አርጊኔ» አያልፍም፤ እሷንም የለመዳት ምርመራ በጀመረ ቁጥር ስለሚሰማት ነው። ስለዚህ ያለ አራርሳ ደንቆሮ ነበር። አራርሳ ጠዋት ፍርድ ቤት፣ ከሰዓት ፖሊስ ጣቢያ ያስተረጉማል። ጥቁር ዣንጥላውን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ፣ የአማርኛውን ተረት ከኦሮምኛው እያዋደደ፣ የተኮሳተረ ምስክር ሳይቀር ያስቃል። መቶ አለቃው ይወደዋል። ካገሩ የራቀ ሰው የሚያወጋውን ሰው እንዴት አይወድ!

በማግስቱ ኡርጌ ጣቢያው ቢሮ ቀረበች። የምስክሩ ወንበር ቦታው የታወቀ ነው፤ በስተቀኙ መስኮቱ፣ ፊት ለፊቱ የመቶ አለቃው ጠረጴዛ፣ በስተግራው አስተርጓሚው የሚደገፈው ግድግዳ። ሴትዮዋ ገና ከመቀመጧ ብርክ ያዛት። ጥርሷ ተንገጫገጨ። ወደ መስኮቱ ትጠጋ ትጠጋና ከወንበሩ ልትወድቅ ትደርሳለች።

«ምን ሆነሻል? ማን ነካሽ?»

አራርሳ ጠየቃት፤ ረዘም አድርጋ መለሰችለት።

«ፈራሁ ነው የምትለው» አለ አራርሳ። «ምን ይደረግ፣ ጌታዬ፤ እናቱ የሞተችበትም እናቱ ወንዝ የወረደችበትም እኩል ያለቅሳል። እዚህ የገባ ሁሉ ይንቀጠቀጣል።»

«ባልሽ ክንድሽ ላይ ሲወድቅ እንዴት አላየሽም?»

«አዲስ አበባ ፈረንጅ ሐኪም ራሴን ከፍቶ ዕጢ አውጥቶልኛል፤ ከዚያ ወዲህ በግራ በኩል ያለ ነገር አይታየኝም ትላለች።»

መቶ አለቃው ሻይ አስመጣ። ብርጭቆውን ሆን ብሎ ከጠረጴዛው ዳር፣ በግራዋ በኩል አስቀመጠና ዝም ብሎ ጠበቀ። ኡርጌ ዓይኗን ከሱ ላይ ሳትነቅል፣ ራሷንም ሳታዞር፣ ግራ እጇን ዘርግታ ብርጭቆውን አነሳች። ሳትዳብስ፣ ሳትሳሳት፣ ልክ እንደሚያይ ሰው።

እንግዲህ ምን ቀረ? «ተጠርጣሪዋ በሁለቱም በኩል የሚታያት መሆኑ ተረጋግጧል» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ወደ ጎሬ ስልክ ደወለ። እስከ ሰኞ ከነመዝገቧ ትላክ ተባለ። ባሏን የገደለች ሴት ጎሬ ከሄደች የሚጠብቃት ገመድ መሆኑን እሱም አገሩም ያውቃል።

ደስ ሊለው ሲገባ ፈራ። አንድ ነገር አልዋጥ አለው። ደሙ ያለው ግራ ክንዷ ላይ ብቻ ነው። ቀኝ እጇ ላይ የበቆሎ ገለባ እንጂ የደም ፍንጣቂ እንኳ አልነበረም። ገጀራውም የትም አልተገኘም። ሰኞ ሊሆን ደግሞ የቀረው አምስት ቀን ነው።

ዲንቃ ጠላት ነበረው እንደሆነ ሲጠይቅ ሁሉም ሰው አንድ ስም ጠራ፤ ኩማ። ኩማ ድንበርተኛው ነው፤ በመሬት ተካሰው በሰኔ ዲንቃ ተረትቷል። መቶ አለቃው አስጠራው።

«ኖፓ ለቅሶ ነበርኩ ይላል» አለ አራርሳ። «መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ እኔ ነኝ፤ ጠይቁ ይላል። ደግሞስ የረታሁት እኔ፤ የተረታው ይግደለኝ እንጂ እኔ ለምን ብዬ እገድለዋለሁ ይላል።»

ኖፓ ሰው ተልኮ ተጠየቀ። እውነቱን ነው። ቄሱም አልቃሹም አይተውታል።

ሐሙስ ዕለት መቶ አለቃው ብቻውን ወደ ሰማን ሱቅ ጎራ አለ። ሰማን አያቶቹ ከጅማ የመጡ ነጋዴ ነው፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ይናገራል፤ ማንበብ የማይችል ሁሉ ወረቀቱን ይዞ የሚመጣው እሱ ዘንድ ነው።

«ዲንቃ ከመሞቱ ሦስት ቀን በፊት እዚህ ነበር» አለ ሰማን ጨው እየመዘነ። «የፍርዱን ግልባጭ አንብብልኝ አለኝ። ‹መሬቱ የኩማ መሆኑን አምኜ ለቅቄለታለሁ› የሚለው ላይ ስደርስ ድገመው አለኝ። ደገምኩለት። ሦስተኛም አስደገመኝ። ከዚያ ሳይሰናበተኝ ወጣ።»

«ወዴት?»

«የፊታችን ሰኞ ጎሬ ሄዶ አቤት ሊል ነበር። ለሰው ሁሉ ነግሯል።»

«ተጸጽቶ ነዋ፣ አፉ ባመጣው።»

«እንግዲህ አላህ ያውቃል» አለ ሰማን። ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ከፖሊስ ጋር ነገር ማብዛት ለነጋዴ አይበጅም።

መቶ አለቃው ጣቢያ ሲመለስ ኡርጌ ራሷን ስታ ወድቃ ክሊኒክ መወሰዷን ሰማ። ሲገባ የክሊኒኩ አስታማሚ፣ ድሬሰሩ ሰቦቃ፣ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ ጠበቀው። ሰቦቃ የመቱ ልጅ ነው፤ ቁጡ፣ ነገር የማያለዝብ።

«ይህችን ሴት ልትገድሏት ነው?» አለ። «ውሸታም ናት ብለህ ጽፈሃል አሉ።»

«ብርጭቆውን አነሳቻ! ዓይኔ እያየ!»

ሰቦቃ ከመሳቢያው በፈረንጅ አፍ የተጻፈ ደብዳቤ አወጣ። «ራሷን የከፈተው ሐኪም የጻፈው ነው። ስማ። ‹ዓይኖቿ ጤነኛ ናቸው፤ ነገር ግን ዕጢውን ሳወጣ ዓይን ያየው ነገር የሚደርስበትን የአንጎል ክፍል በከፊል ቆርጫለሁ። በግራዋ ያለው ሁሉ ጨለማ ነው። ሆኖም በዚያ በኩል እርሳስ ይዤ ወዴት እንዳለ ስጠይቃት አይታየኝም አለች፤ ዝም ብለሽ ገምቺ ስላት ግን አንዴም ሳትስት ጠቆመች። ምክንያቱን አላውቅም።› ይላል።»

«አልገባኝም።»

«ለኔም አልገባኝም። እንዲህ ቁጠረው፤ ማየት በፊት ለፊቱ በር መግባት ቢከለከል የተወሰነው በጓሮ በር ሾልኮ ገብቷል። ባለቤቲቱ እንግዳ መግባቱን አታውቅም። እጇና እግሯ ግን ያውቃሉ።»

መቶ አለቃው ከዘራውን አንስቶ በግራዋ በኩል ከፍ አደረገ። ሰቦቃ በኦሮምኛ ጠየቃት። አይታየኝም አለች። ገምቺ አላት። ወደ ላይ ጠቆመች። ዝቅ አደረገው፤ ወደ ታች ጠቆመች። አሥር ጊዜ ሞከረ፤ አሥር ጊዜ አልሳተችም። ዓይኗ ግን ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ እንደተተከለ ነው፤ እንባዋ ኮለል እያለ ይወርዳል። መቶ አለቃው ከዘራውን አወረደ። ጦርነት አይቷል፤ እንዲህ ያለ ነገር አላየም።

«ለሰው አትንገሩብኝ ትላለች» አለ ሰቦቃ። «ጋኔን አለባት እንዳይሏት ባልና ሚስቱ ደብቀውት ነው የኖሩት። ይህን ወረቀት እንኳ ዲንቃ ያወጣው አንድ ጊዜ፣ ሚስቴን ላሳክም ቀጠሮ ይለወጥልኝ ብሎ ለፍርድ ቤት ሲያቀርብ ነው።»

ነገሩ ያን ጊዜ በራለት። ገዳዩ በቀን፣ ሚስት ከጎን ተቀምጣ ሳለ፣ በግራዋ በኩል መጥቶ የደፈረው ዕውር ጎኗን ስለሚያውቅ ነው። ያውም ችሎት ላይ ሰምቶ። እንደገና ኩማ! ኩማ ግን ኖፓ መቃብር ሲቆፍር ነበር።

«እትዬ ኡርጌ» አለ መቶ አለቃው፤ እስከዚያ ቀን አንቺ ሲላት እንደነበር ትዝ ሲለው አፈረ። «አሁን ለምን አይንቀጠቀጡም? ቢሮ ውስጥ እንደዚያ ሆነው?»

ሰቦቃ መልሷን አደረሰ። «እዚህ አልፈራም ትላለች። እዚያ ግን ከግራዬ ሞት ራሱ የቆመ ይመስለኛል፤ ዞሬ ሳይ ሞት የለም፤ እናንተው ናችሁ ትላለች።»

መቶ አለቃው ቢሮው እንዳስፈራት ቆጠረ። በዚያ ላይ አንድ ሐሳብ መጥቶለት ነበርና ልቡ ሌላ ዘንድ ነው። ያቺ የጓሮ በር ብርጭቆ ካሳየች ገዳይ አታሳይም? ሰውየውን በግራዋ ብናሳልፈው ሰውነቷ አይነግረንም? ከሰዓት በኋላ በአራርሳ ዣንጥላ ሥር ተጠልሎ ሲሄድ ሐሳቡን ሁሉ ዘረገፈለት።

«አያሳዝንም!» አለ አራርሳ። «ሳታይ የምታይ ሴት! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ ማለት ይኸው ነው።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ኡርጌ ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ነጠላዋን ስታጥብ፣ ሁለት እጅ የሚፈልግ ድንጋይ ከግራዋ፣ ከአጥሩ በላይ ተወርውሮ መጣ። ሳፋውን ጨፈለቀው። ኡርጌ ግን ድንጋዩ ሳያርፍ በፊት ወደ ቀኝ ተወርውራ ጭቃው ላይ ተደፍታ ነበር። ማን ገፋሽ ሲሏት አላውቅም አለች። ከአጥሩ ወዲያ ገበያተኛ ከሚተራመስበት መንገድ በቀር ማንም አልተገኘም።

መቶ አለቃው የተሰነጠቀውን ሳፋ ሲያይ ቆሌው ተገፈፈ። ገዳዩ መቱ ውስጥ ነው። ይባስ ብሎ ሴትዮዋ ምን እንደምትችል ሰምቷል።

«ለማን ነገርክ?» አለ ሰቦቃን አንቆ ሊይዘው ምንም ሳይቀረው።

«ለማንም! አንተስ?»

«ለማንም» አለ መቶ አለቃው። ከልቡም ነው።

ያን ቀን ሁለት ዘብ ክሊኒኩ በር ላይ አቆመ። ሰቦቃን ራሱን ጠረጠረ፤ ድሬሰሩ ድንጋዩ ሲወረወር ለአንድ ሕፃን መርፌ እየወጋ እንደነበር እናትየዋ ስትመሰክር ያም ቀረ። ዘቦቹንም ፈራ። ወጡን የምታመጣለትን ሴት ሳይቀር ፈርቶ እራቱን ሳይበላ መለሰው። በመጨረሻም ለአገሩ ጭቃ ሹም መልእክት ላከ፤ ቅዳሜ አውጫጭኝ ይሁን።

አውጫጭኝ እንደሚታወቀው ወንጀል በተሠራበት አገር ያለ ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ቤቱ ሳይመለስ፣ ዝናብም ፀሐይም እየተፈራረቀበት የሚቀመጥበት ሥርዓት ነው። አንድ በአንድ ለዚሁ ወደ ተጣለ ዳስ ይገባና ያየውን በጆሮ ይናገራል። ያ ተናጋሪ ወፍ ይባላል፤ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ወፍ ነገረችኝ ነው የሚባለው። ስንት ስውር ነገር ያወጣ ሥርዓት ነው።

ቅዳሜ ሙሉ ቀን፣ እሑድ ሙሉ ቀን ወንዱ ሁሉ እየገባ ወጣ። መቶ አለቃው ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ፣ አራርሳ በበሩ ቆሞ እየተቀበለ፣ ከየሰዉ አፍ የሚሰማው አንድ ነገር ነው፤ ሂን አርጊኔ። ሂን አርጊኔ። አስተርጓሚም አላስፈለገው። አንዳንዱ ሽማግሌ ይህን ብሎ ሲያበቃ መቶ አለቃውን በጥልቀት ያየዋል። መቶ አለቃው ያን አስተያየት እንደ ጥላቻ ቆጠረው።

ሰኞ ጠዋት፣ ኡርጌ ወደ ጎሬ በምትላክበት ቀን፣ የመጨረሻውን ዕድል ሞከረ። ኡርጌን ሜዳው መካከል በርጩማ ላይ አስቀመጣት። ግራዋ በኩል መንገድ ከፈተ። አራርሳን ከሰልፉ ራስ፣ በቀኟ በኩል አቆመውና ሰው በስሙ እየጠራ አንድ በአንድ በግራዋ እንዲያሳልፍ አዘዘው። እሱ ራሱ ፊት ለፊቷ ቆሞ እጇን፣ ትከሻዋን፣ አንገቷን ያያል። ሰቦቃ ከኋላዋ ቆሟል።

ኩማ አለፈ። ምንም። የኩማ ወንድሞች አለፉ። ምንም። ጎልማሳው፣ ሽማግሌው፣ ከኡካ ለእርሻ ሥራ የመጣው እንግዳ ሁሉ አለፈ። ኡርጌ እጇን ጭኗ ላይ አጋድማ ጸጥ ብላ ተቀምጣለች። የመጨረሻውም ሰው አለፈ። ምንም። አገር ሙሉ ሰው አለፈ፤ ሴትዮዋን የሚያተርፍ ግን አልተገኘም። ከሰዓት በኋላ ጎሬ ናት።

«በቃ፣ ጌታዬ» አለ አራርሳ። «የሚቻለውን ሞክረዋል። እኔ ላንሳት፤ በቅሎዋ ተጭናለች።»

በኋላዋ ዞሮ በግራዋ በኩል መጣ። ገና ሁለት እርምጃ ሲቀረው የኡርጌ ግራ እጅ ከጭኗ ተፈናጥሮ አንገቷ ላይ ተለጠፈ። አልጮኸችም። ዓይኗ መቶ አለቃው ላይ እንዳለ፣ ራሷ የማታውቀው እጇ አንገቷን ሸፍኖ፣ ሰውነቷ በሙሉ ወደ ቀኝ ተጣመመ። ከበርጩማው ወደቀች።

አራርሳ ቆመ።

መቶ አለቃው ያን ጊዜ ገባው። ሲያሳልፍ የዋለው የአገሩን ሰው ነው። ዳኛ፣ ፖሊስ፣ አስተርጓሚ አውጫጭኝ አይቀመጥም፤ ያስቀምጣል እንጂ። ለማንም አልነገርኩም ብሎ ለሰቦቃ ሲመልስ አራርሳን ከሰው ቁጥር አላስገባውም ነበር። የገዛ ምላሱን ከሰው የሚቆጥር ማን አለ?

«አቶ አራርሳ» አለ። «ሂድና ከሕዝቡ ጋር ሣሩ ላይ ተቀመጥ።»

«እኔ?»

«አንተም የዚህ አገር ሰው ነህ። ተቀመጥ።»

አራርሳ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ከዚያ ሄዶ ተቀመጠ። ዘቦቹ ከኋላው ቆሙ።

ቂጡ ሣሩን ከመንካቱ ጋሽ በዳሳ የሚባሉ ጠና ያሉ ሽማግሌ ከመካከል ተነሡ። ማንም አልጠየቃቸውም። በኦሮምኛ ተናገሩ፤ ሲናገሩ ሌላው ተነሣ፤ ሦስተኛውም። ሰቦቃ ለማድረስ ትንፋሽ አጠረው።

«በዚያ ቀን ይህን ሰው ከፏፏቴው ሲወርድ አይቻለሁ ይላሉ። ዝናቡ እየወረደ ዣንጥላውን ሳይዘረጋ ታቅፎት ይሄድ ነበር። ባለ ዣንጥላ ሰው ለምን ይበሰብሳል ብዬ ገርሞኛል ይላሉ። እኚህኛው ደግሞ ወንዝ ዳር ዣንጥላውን ሲያጥብ አይቻለሁ ይላሉ። እሳቸው ደግሞ የመሬቱ ሙግት ቀን ችሎት ነበርኩ፤ ዲንቃ መሬቱን ለቅቄያለሁ የሚል ቃል ካፉ አልወጣም፤ ጨምሮ ለዳኞቹ የነገራቸው እሱ ነው፤ ምን እንደበላበት እሱ ያውቃል፤ ዲንቃም ዛሬ ሰኞ ጎሬ ሄዶ ይህንኑ ሊያስታውቅበት ነበር ይላሉ።»

«ጌታዬ!» አለ አራርሳ ከተቀመጠበት፣ በዚያው በጣፋጭ አማርኛው። «ይህ ድሬሰር አያውቅበትም። የሚሉትን እኔ በደንብ ልንገርዎ።»

ሜዳው ላይ አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም ነበር። መቶ አለቃው ዣንጥላውን ነጥቆ ዘረጋው። ጥቁሩ ጨርቅ ከውስጥ በኩል ከአናቱ እስከ ዳሩ በተጠቀለለበት ገጀራ ስለት ተተርትሮ፣ በጥቁር ክር በጥንቃቄ ተሰፍቷል። ስፌቱ ሥር ውሃ ያላስለቀቀው የደም ዝገት ነበር። አራርሳ አየው፤ ከዚያ በኋላ በአማርኛም በኦሮምኛም አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

«ታዲያ» አለ መቶ አለቃው ወደ ጋሽ በዳሳ ዞሮ፣ «ሁለት ቀን ሙሉ ዳሱ ውስጥ ስጠይቅዎ ለምን አላየሁም አሉኝ?»

ሽማግሌው ሰቦቃ እስኪያስተረጉም አልጠበቁም። ጥያቄው ገብቷቸዋል። ጣታቸውን ወደ አራርሳ፣ ከዚያ ወደ መቶ አለቃው ጆሮ ቀሰሩና ጥቂት ተናገሩ።

«በማን አፍ ልንገርህ? ይላሉ» አለ ሰቦቃ።

ኡርጌን ሴቶቹ ደግፈው ወደ ቤቷ ወሰዷት። ሕዝቡ ተበተነ። መቶ አለቃው ግን ከሜዳው መነሣት አቃተው፤ እርጥቡ ሣር ላይ ተቀምጦ ስምንት ወር ወደ ኋላ ይቆጥር ነበር። በዚያ ሰው አፍ ስንት ቃል ተቀብሏል? ስንቱን ፈርሞ ጎሬ ልኳል? ፍርሃቱ የተፈታ መስሎት ነበር፤ ገና መያዙ ነው።

«ነገ ከኔ ጋር ጎሬ ወህኒ ቤት ትሄዳለህ» አለው ሰቦቃን። «እኔ የላክኋቸውን አንድ በአንድ እንደገና እንጠይቃለን።»

«ሁሉም በሕይወት አሉ?»

«አንዱ በግንቦት ሞቷል። ታሞ። ስወስደው መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ይደጋግምልኝ ነበር። አራርሳ ‹ምሕረት እየለመነ ነው› አለኝ። ድምፁ እስከዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ና ዸጌፈዹ፣ ና ዸጌፈዹ ይል ነበር። ምን ማለት ነው?»

ሰቦቃ አጠገቡ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

«ስማኝ ማለት ነው» አለ።